በጅብራ መሀል የቆመ አጥንት

ወገቤን የቆረጠው ልጅ ማዘል አይደለም፤ ጅብራ ማጠጣት ነው። ይህን ስናገር ልጆቼ ይስቃሉ። ይሳቁ። እነሱ ቧንቧ ከፍተው የሚታጠቡ ናቸው፤ ውሃ የሞላ እንስራ በገመድ ታስሮ ጀርባ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚል አያውቁም።

ጣሊያን ከወጣ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ባሌን ንዳድ ገድሎብኝ፣ ጎንደር ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አትክልት አጠጪ ሆኜ የተቀጠርኩት ያኔ ነው። ግቢው ድሮ የጣሊያን መኮንን ይኖርበት ነበር አሉ። ከጀርባው ሰፊ የአትክልት ቦታ አለ፤ መሀሉ ላይ ውሃው የደረቀ የሲሚንቶ ገንዳ። ቧንቧም አለው። ቧንቧው በክረምት ይንጠባጠባል፣ በበጋ ያፏጫል። ስለዚህ በበጋ ቧንቧው እኔ ነበርኩ። ከቀሃ ወንዝ ቀድቼ ዳገቱን እወጣለሁ፣ አፈሳለሁ፣ እወርዳለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ። ሰው "እንዴት ዋልሽ" ሲለኝ ለመመለስ ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር።

ያኔ ሳይንስ የሚያስተምር አንድ ፈረንጅ ነበር። ረጅም፣ አንገቱ በፀሐይ የቀላ፣ አማርኛው አዲስ ጫማ እንዳደረገ ሰው የሚያነክስ። ከአገሩ ያመጣው ሥዕል ነበረው፤ ላገኘው ሁሉ ያሳያል፣ ለእኔም አሳየኝ። ሥዕሉ ላይ ትልቅ የመስታወት ቤት አለ፤ ውስጡ ዘንባባና ስሙን የማላውቀው ቅጠላ ቅጠል ሞልቷል። በቅጠሉ መሀል ቤት የሚያክል አፅም ቆሟል። ሥጋ የለው፣ ቆዳ የለው፣ አጥንቱ ብቻ በብረት ተያይዞ አንገቱን ከዛፉ በላይ አውጥቷል። ዳይኖሰር ይባላል አለኝ። ሰው ከመፈጠሩ በፊት የነበረ ነው አለኝ።

"ታዲያ ማን አይቶት ነው?" አልኩት።

ሳቀ። አጥንት በክፍል ውስጥ ለብቻው ሲቀመጥ የሞተ ነገር ነው፤ በለምለም ተክል መሀል ሲቆም ግን ተማሪው እንዴት ይኖር እንደነበር ያስባል፣ እያለ አስረዳኝ። እኔ ያሰብኩት የተክሉን ውሃ ነው። ማን እንደሚያጠጣው ሥዕሉ ላይ የለም።

በእኛ አገር ዳይኖሰር አላገኘም። ግን በጭልጋ በኩል ከወንዝ ዳር የጥንት አውሬ አጥንት ይወጣል ሲባል ሰምቶ ሄደ፤ ደግሞ ሄደ፤ በኋላ በትምህርት ቤቱ ማኪና፣ በገለባ ተጠቅልሎ፣ አጥንቱ መጣ። ጥርስ አለ፣ የጎን አጥንት አለ፣ ስብርባሪው ብዙ ነው። ከሁሉም ሸጋው አንድ የታፋ አጥንት ነበር፤ ያልተሰበረ፣ ቁመቱ እኔን የሚያክል። መምህሩ የጎደለውን በጀሶና በእንጨት ሞልቶ፣ በብረት አያይዞ፣ ደረቁ ገንዳ ላይ አቆመው። የዝሆን ቅድመ አያት ነው ቢላቸውም ተማሪዎቹ ዳይኖሰር ነው ብለው ተገላገሉ።

ከዚያ ተክሉ መጣ። የሥዕሉን ዓይነት እዚህ ከየት ያመጣል? የጥንት የሚመስል ነገር ፈለገ። ኮባ ከወንዝ ዳር አስነቀለ። ጅብራ ደግሞ፣ ያን ከሰው ቁመት የሚበልጥ የደጋ ተክል፣ ከሰሜን ተራራ አስነቅሎ፣ በደባርቅ በዳባት፣ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል አሳልፎ፣ ሥሩን በጆንያ አስሮ አመጣ። ጅብራ የብርድ አገር ልጅ ነው፤ የጎንደር ፀሐይ ሲነካው ቅጠሉ ወረደ። "ውሃ ጨምሪ" ተባልኩ። ጨመርኩ። ይበልጥ ወረደ። "ጨምሪ" ተባልኩ።

የከተማው ሰው መጀመሪያ በአጥር ላይ አንገቱን እያሰገገ ያያል፣ ያማትባል፣ "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" እያለ ይሄዳል። እኔም በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር አማትብ ነበር። ኋላ ተውኩት። እንስራ ያዘለ ሰው እጁ መች ነጻ ነውና። ሰው ሁሉን ይለምዳል፤ የጥርሱን ሥር እያጠብኩ የባልትና ነገር ማሰላሰል ጀመርኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት እንስራዬን አዝዬ ስደርስ አንድ ሽማግሌ ገንዳው ዳር ቆመዋል። ጋቢያቸው አቧራ የጠጣ፣ ዱላቸው ከቁመታቸው የረዘመ። የጎማ ጫማቸውን አውልቀው ጎን ለጎን አስቀምጠዋል፣ ቤተ ስኪያን እንደሚገባ ሰው። ወደ አጥንቱ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና መሬት ላይ ተቀመጡ።

"አያ፣ ምነው? ሰው ፈልገው ነው?" አልኳቸው።

"አይ ልጄ። እሱን ልጠይቅ መጥቼ ነው" አሉ፣ በአገጫቸው ታፋውን እያሳዩኝ።

ያማቸዋል ብዬ ነበር። ግን እብድ ሰው እንዲህ አይደክመውም። በቅል ውሃ ሰጠኋቸው፤ ጠጡና "ውሃው የማነው?" አሉኝ። "የጅብራው ነው" ስላቸው ትንሽ ፈገግ አሉ። እኔም እንስራውን ከጀርባዬ አውርጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ለመቀመጥ ምክንያት ያጣሁበት ቀን አልነበረም።

ታሪካቸው እንዲህ ነው። በጭልጋ በኩል፣ መንደራቸው ውስጥ ጭቃ ሹም ነበሩ፤ የመንግሥት ትእዛዝ ሲወርድ መጀመሪያ የሚወርደው እሳቸው ላይ ነው። አንድ ክረምት የወንዙ ዳር ተናደና ይኸ ታፋ ከጭቃው ወጥቶ ተገኘ። አገሩ ተሰበሰበ። መጋጠሚያው የሰው ታፋ ይመስላል፣ መጠኑ ግን ያስፈራል። ሽማግሌዎቹ የጥንት ሰው ነው፣ ያኔ ሰው እንዲህ ግዙፍ ነበር አሉ። ካህናቱ ተነጋገሩ። አንዱ "አውሬ ቢሆንስ?" አለ። ሌላው "ሰው ቢሆንስ?" አለ። የሁለተኛው ጥያቄ ከበደ። ሰው ሆኖ ሜዳ ላይ ከሚቀር አውሬ ሆኖ ቢቀበር ይሻላል ተባለ። ገንዘው፣ ፍትሐት አድርሰው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቀበሩት። ዘመድ ስለሌለው መንደሩ ሁሉ ዘመድ ሆነለት። ጠላ ተጠምቆ ተዝካሩ ወጣ።

"አንቱም አለቀሱ?" አልኳቸው።

"እንዴታ። ሟች ነዋ።"

ኋላ ትእዛዝ መጣ። አጥንቱ ለትምህርት ይፈለጋል፣ አውጥተህ አስረክብ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ምን ይበሉ? ሰው አዘዙ፤ ማን በእጁ ይንካው? ራሳቸው ቆፍረው አወጡት።

"አልደበደቡኝም" አሉኝ። "ቤቴን አላቃጠሉም። ሰላምታም አልነፈጉኝም። አንድ ነገር ብቻ አሉ፤ መቃብር ለከፈተ መቃብር አይከፈትለትም። ለእሱም ለቤቱም።"

"ሹመቱንስ?"

"መለስኩት። ምን ይረባኛል።"

 እሳቸው ግን የመጡበትን ገና አልተናገሩም ነበር። ባለቤታቸው እዚያው ጎንደር ሐኪም ቤት ተኝታለች። ሐኪሙ ከእንግዲህ እዚህ የምናደርግላት የለም፣ ወደ አገሯ ውሰዷት ብሏል። ወዴት ይውሰዷት? እዚያ ግቢ ውስጥ ኩፍኝ የጨረሰባቸው ልጆቻቸው ተቀብረዋል። እሷ ደግሞ ከልጆቼ ጎን አግባኝ ትላለች። በትዳር ዘመኗ ሌላ ነገር ለምናቸው አታውቅም። የመንደሩ ሽማግሌዎች ሲለመኑ፣ ሲለመኑ፣ "ያወጣኸውን መልስ፣ እንከፍትልሃለን" ብለዋል። ስለዚህ መጡ። የሚስት መቃብር ሊለምኑ የመጡት ከሳይንስ መምህር ነው።

አንጀቴን በሉት። ለዲሬክተሩ ነገርኩት። ዲሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የቸኮለ ሰው ነበር። ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ መጥቶ የአትክልት ቦታውን ሊመርቅ ነው፣ ያለ ታፋ በምን ይቆማል፣ አንቺ ውሃሽን ቅጂ አለኝ። ቀዳሁ።

መምህሩ ግን ሽማግሌው በየቀኑ እየመጡ ሲቀመጡ አይቶ ጠየቀ። ዲሬክተሩ ማስተርጎም ግድ ሆነበት። መምህሩ ሰምቶ ሲያበቃ ሽማግሌውን እጃቸውን ይዞ ወደ ጥርሱ ወሰዳቸው። የጫማ ሶል የሚያክለውን ጥርስ አሳያቸው። ሰው እንዲህ ያለ ጥርስ የለውም፣ አውሬ ነው፣ አለቀ።

"እሺ ጌታዬ፣ አውሬ ነው" አሉ ሽማግሌው። "እኔም ስቆፍረው ጠርጥሬ ነበር። የተቀበረው ግን እንደ ሰው ነው።"

ዲሬክተሩ ይህን ወደ ፈረንጅኛ ሲመልስ ጥቂት ተንተባተበ። መምህሩ አንገቱን ደባበሰ። ከዚያ የሚያምር ነገር ያገኘ መስሎት፣ በጀሶ ልክ እንደሱ ያለ ልሥራልህ፣ ውሰድና ቅበረው፣ ማንም አይለየውም አለ።

"እኔ እለየዋለሁ ጌታዬ።"

"እንግዲህ ከምርቃቱ በኋላ እናያለን" ተባለ። እኔና ሽማግሌው ተያየን። መሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው "እናያለን" ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ባለቤታቸውን አንድ እሁድ ሄጄ ጠየቅኳት። ሰውነቷ አልቆ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል፤ ዓይኗ ግን አሁንም ይቀልዳል። ውሃ ቀጂዋ እኔ መሆኔን ስትሰማ እጄን ያዘችና፣ "እስቲ ንገሪኝ፣ ቆሞ ሲታይ ያምራል?" አለችኝ።

"ኧረ ምኑ ያምራል። አጥንት ነው።"

"እኔ እኮ ድምፄ እስኪዘጋ አልቅሼለታለሁ" አለች። "የመንደሩ አልቃሽ እኔ ነኝ። ስሙን አላውቅ፣ አባቱን አላውቅ፣ ብቻ ቁመቱን እያነሳሁ አለቀስኩለት። ሴቶቹ ሁሉ እኔን ተከትለው ተነፋረቁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።" ሳቀችና ሳል ያዛት። ሳሉ ሲተዋት "ብቻ ይመልሱት" አለች። "አደራ፣ ከሰው መሀል ተለይቼ እንዳልቀር።"

እንዲህ ያለ አደራ ለእኔ ምን ያደርጋል? ለመምህሩ ልንገር፣ ለእንግዳው ልንገር? ውሃ ቀጂ ነኝ። ከሐኪም ቤት ወጥቼ እስከ ቤቴ እየተናደድኩ ሄድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም ነበር።

የምርቃቱ ቀን ጠዋት የጅብራው ቅጠል ሙሉ በሙሉ ወርዶ ስለነበር ቅጠሉን በገመድ ወደ ላይ አሰርንለትና ውሃ ረጨሁበት፣ እንዲያብለጨልጭ። ኮባው ደህና ነበር። እንግዳው መጣ፤ ካፖርት የለበሰ፣ ከመንገዱ የተነሳ ፊቱ የገረጣ። ተማሪዎች ዘመሩ። መምህሩ በዚያ በሚያነክስ አማርኛው ስለ ዘመናት ተናገረ። እንግዳው ታፋውን በእጁ ነካ፣ "ግሩም ነው" አለ፣ ወደ ምሳ ሄደ። ሽማግሌው ከሰዉ ኋላ በባዶ እግራቸው ቆመው ነበር። ጨዋ ሰው ናቸው፤ በሰው ድግስ ላይ ነገር አያነሱም።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያውን እንስራ ይዤ ስደርስ ገንዳው ዳር አገኘኋቸው። አልተቀመጡም።

"ሄደች" አሉኝ።

መምህሩን እኔ ራሴ ጠራሁት። እንደሰማ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ወደ ክፍሉ ሮጠ፣ መፍቻ ይዞ ተመለሰ። ዲሬክተሩ "እንግዳው ሳይሄድ ተመልሶ ቢጠይቅስ?" ሲለው መልስ አልሰጠውም። ይህን እመሰክርለታለሁ። ግን ብሎኑን ከመፍታቱ በፊት አጥንቱን መለካት ጀመረ። ለካ፣ ሣለ፣ ፎቶ አነሳ፣ ደግሞ ለካ። እያለቀሰ ይመስለኛል የሚለካው፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ደረሰች። ሬሳዋ ሐኪም ቤት ትጠብቃለች። ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው "እሺ ጌታዬ፣ ይጨርሱ" ይላሉ። ከዚያ በኋላ ነው ታፋው ወርዶ በገለባ የተጠቀለለው፣ ባመጣችው ማኪና ላይ ተመልሶ የተጫነው። እሷም አጠገቡ።

ሽማግሌው ወደ እኔ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ ሬሳ ያለ ሴት መንገድ ሲሄድ ነውር ነው። አንዲት ሴት ትከተላት።" ዲሬክተሩ ጅብራውን ማን ያጠጣዋል አለኝ። አንተ አጠጣው ብዬ ወጣሁ። እንዴት እንዳላባረረኝ ዛሬም ይገርመኛል።

የጭልጋን መንገድ ስንጨርስ መንደርተኛው መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀን፤ ወሬ ከማኪና ይቀድማል። ሽማግሌው ሲወርዱ የመጡት የአገር ሽማግሌዎች አላቀፏቸውም። መጀመሪያ የጠየቁት "አመጣኸው?" ብለው ነው። ገለባውን ገልጠው አዩ። ከዚያ "ነፍስ ይማር" አሉ። ሁለት ቃሬዛ ተሠራ። ለታፋው ብዙ ወንድ አስፈለገ፤ ድንጋይ ሆኗልና ከባድ ነው። እሷ ቀላል ነበረች።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንደርስ ማን ይቅደም የሚል ነገር ተነሳ። ክርክር እንኳ አይባልም፤ ቀድሞ የሞተ ቀድሞ ይግባ ተባለና አለቀ። እሷን ከዋርካው ጥላ ሥር አስቀመጧት። ለታፋው ካህናቱ ሙሉውን ፍትሐት አደረሱ፤ በግፍ የወጣ ነውና ምንም እንዳይጎድልበት። ዕጣኑ ዞረ፣ ዜማው ረዘመ። ሴቶቹ ፀጉራቸውን ፈተው ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱለት፤ ይቅር በለን እያሉ። እኔ ከሬሳዋ ጎን ተቀምጬ ዝንብ አባርራለሁ።

ተራዋ ሲደርስ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። የካህናቱ ድምፅ ሰልሏል። ወንዶቹ ከብቶቻቸው ወደሚመጡበት በኩል ያያሉ። ፀሎቱ አጠር ተደረገ። ሴቶቹ አልጨከኑም፣ መጡ፣ ከበቧት፤ ግን ጉሮሯቸው ውስጥ የቀረ ነገር አልነበረም። አልፈርድባቸውም፤ ድካምን እኔ አውቀዋለሁ። የመንደሩ አልቃሽ ደግሞ ቃሬዛው ላይ ናት፤ ማን ያስጀምራቸው? እኔ ላስጀምር ብዬ አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ ላልቅስላት? አባቷን አላውቅ፣ ልጆቿ ስማቸው ማን እንደነበር አላውቅ። "እናቴ፣ እናቴ" ብቻ አልኩ፣ ደጋግሜ። አፈሩ ቶሎ ገባ።

ከልጆቿ ጎን ነው የገባችው፤ ቃላቸውን ጠብቀዋል። ሽማግሌው ሲያለቅሱ አላየኋቸውም። "ምነው ልጄ፣ ገባችልኝ እኮ" እያሉ እኔን ያጽናኑኝ ጀመር። አሁን ግን አገሩ እየተነሳ ያቅፋቸዋል፣ ትከሻቸውን ይስማቸዋል፣ እሳቸውም ለሁሉም "እግዜር ይስጥልኝ" ይላሉ። ፀቡ ቀረ፣ ሰው ሆኑ።

በመጨረሻ አንዱ የአገር ሽማግሌ ተጠጋቸው። ታፋውም ዳግመኛ ተቀብሯልና ተዝካር ይገባዋል፣ ጠላው አንድ ላይ ተጠምቆ የሁለቱን በአንድ ቀን ብታወጣው አይሻልም ወይ አላቸው። ነገሩን የተናገረው በደግነት ነው፣ ወጪ ሊያቀልላቸው።

ለትእዛዙ እሺ ያሉ፣ ለሹመቱ መመለስ እሺ ያሉ፣ "ከምርቃቱ በኋላ" ሲባሉ እሺ ያሉ፣ መምህሩ ሲለካ እሺ ያሉ፣ አሁን ደግሞ ታፋው ቀድሞ ይግባ ሲባል እሺ ያሉ ሰው ናቸው። ራሳቸውን ቀና አደረጉ።

"የለም" አሉ። "የእሷ ለብቻዋ ነው።"